ኒውክሌር በከሰል ፋንታ? የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው

በዓለም ዙሪያ ስለ ኒውክሌር ኃይል የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከድንጋይ ከሰል ነው። አንዱ ወገን ከሰሉን ተክቶ ሌት ተቀን ሊሠራ የሚችለው ኒውክሌር ነው ይላል፤ ሌላው የቼርኖቤልንና የፉኩሺማን አደጋ ያነሳል። ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ከፈረመች ወዲህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ ክርክሩን እንዳለ ገልብጠን ብናመጣው አይገጥመንም። ኢትዮጵያ በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ አታመነጭም፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኃይሏ የሚገኘው ከውሃ ነው። ታዲያ ኒውክሌር ቢመጣ የሚተካው ምኑን ነው? መልሱን ለመፈለግ በጉራጌ ተራሮች ግራና ቀኝ ያሉት ወልቂጤና ቡታጅራ ጥሩ መነሻ ናቸው።

አንድ እንክብል፣ አንድ ቶን

ከሰል ሲነድ የካርቦን አቶም ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ ከዚህ የሚገኘው ኃይል ለአንድ አቶም 4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ዩራኒየም 235 በኒውትሮን ተመትቶ ሲሰነጠቅ ግን 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ይለቃል። ልዩነቱ 50 ሚሊዮን እጥፍ ነው። በዚህ የተነሳ የጣት ጫፍ የምታህል፣ 7 ግራም ገደማ የምትመዝን የነዳጅ እንክብል የአንድ ቶን ከሰል ያህል ኃይል ትሰጣለች። 1,000 ሜጋዋት የሚያመነጭ የከሰል ጣቢያ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ገደማ ከሰል ሲፈጅ፣ ተመሳሳይ አቅም ላለው የኒውክሌር ጣቢያ 25 ቶን ያህል ነዳጅ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፦ ሙቀቱ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል።

በጭስ በኩል ያለው ልዩነትም ሰፊ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከግንባታ እስከ መዘጋት ያለው ሁሉ ሲደመር ከሰል በኪሎዋት ሰዓት 820 ግራም፣ የውሃ ኃይል 24 ግራም፣ ኒውክሌር 12 ግራም የሚያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫዋን ስትዘጋ ትልቁን ሸክም የተሸከሙላት የኒውክሌር ጣቢያዎቿ ነበሩ። እንግዲህ ኒውክሌር ከሰልን ይተካል የሚለው አባባል፣ ከሰል ባለበት አገር፣ መሠረት አለው።

የጊቤ ውሃና የግንቦት ጭንቀት

የጉራጌ ተራሮች ውሃ ለሁለት ይከፍላሉ። በወልቂጤ በኩል የሚወርደው ዋቤ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ያመራል፤ በቡታጅራ በኩል ያለው በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። የወልቂጤው ወገን የአገሪቱ መብራት ዋና ምንጭ ከሆኑት ተፋሰሶች አንዱ ነው። የጊቤ 1 ማመንጫ አቅም 184 ሜጋዋት፣ የጊቤ 2 አቅም 420 ሜጋዋት፣ የጊቤ 3 ደግሞ 1,870 ሜጋዋት ነው። ጊቤ 2 የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፤ ጊቤ 1 ተጠቅሞ የለቀቀውን ውሃ ተራራ ሰንጥቆ በሚያልፍ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተቀብሎ፣ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል አውርዶ እንደገና ያሠራዋል። ያው ውሃ ቀጥሎ ጊቤ 3 ይደርሳል።

አሠራሩ ቆጣቢ ነው፤ ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። ሦስቱም የሚጠብቁት የአንድ ተፋሰስ ዝናብ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውሃ ሲቀንስ 476 ሜጋዋት ጎደለና አገሪቱ በሙሉ ወደ ፈረቃ መብራት ገባች። የጉራጌ ልጅ ከየከተማው ወደ አገሩ ሲገባ፣ በመስቀል ሰሞን፣ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ግድቦቹ ጠግበዋል። ጭንቀቱ የሚመጣው ግንቦት ላይ ነው።

የኒውክሌር ማብላያ ነዳጁን የሚቀይረው በ18 ወር አንዴ ገደማ ስለሆነ ዝናብ መጣ ቀረ አይለውም። እህል በድርቅ ሲመታ እንሰት ቤተሰቡን እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ማብላያውም ለውሃው ኃይል መጠባበቂያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚተካው ከሰልን ሳይሆን የጎደለ ዝናብን ነው።

ቦታ፣ ውሃና መረብ

ማብላያ ሲጠፋም ወዲያው አይበርድም። ሥራ ባቆመበት ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ገደማ የሚሆን ሙቀት ይቀራል፤ ያለማቋረጥ ካልቀዘቀዘ ነዳጁ ይቀልጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፉኩሺማ ላይ የሆነው ይኸው ነው፦ ማብላያዎቹ በርዕደ መሬቱ ጊዜ እንደታሰበው ቆሙ፣ ኋላ ግን ሱናሚው የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮችን አጥለቀለቀ፣ ማቀዝቀዣው ተቋረጠ።

በዚህ ምክንያት የቦታ ምርጫ ከሁሉ ይቀድማል። ቡታጅራ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። ከከተማዋ ወደ ወራቤ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለው ክብ ሐይቅ፣ ሐረ ሸይጣን፣ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። በ1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሳው ርዕደ መሬት አዲስ አበባን ሳይቀር አናውጧል፤ በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ የብዙዎቻችን ትዝታ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ለማብላያ አይመረጥም። ለሌላ ኃይል ግን ሀብት ነው፤ የአገራችን የመጀመሪያው የጂኦተርማል ማመንጫ፣ አሉቶ ላንጋኖ፣ የሚገኘው ከቡታጅራ በስተደቡብ ምሥራቅ በዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው።

ውሃም ያስፈልጋል። 1,000 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በማቀዝቀዣ ማማው በኩል በቀን 60,000 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ያተናል። የኤሌክትሪክ መረቡም አቅም ሊኖረው ይገባል። የዘርፉ የተለመደ መመሪያ አንድ ማመንጫ ከመረቡ አቅም 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 1,200 ሜጋዋት የሚሰጥ ማብላያ በድንገት ቢቋረጥ 12,000 ሜጋዋት ያለው መረብ ይችለዋል፣ ከዚያ ያነሰው ግን አብሮ ሊወድቅ ይችላል።

ከሰሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው

በአገራችን የድንጋይ ከሰል የሚነደው በዋናነት ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነውን ክሊንከር ለማምረት እቶኑ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ዛሬ በዓለም በብዛት ያለው ማብላያ የሚሰጠው ውሃ ሙቀቱ ከ330 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ማብላያ በቀጥታ የእቶኑን ከሰል አይተካም።

ሁለተኛው ከሰል ያለው በየቤታችን ነው፤ ቡና የሚፈላበት፣ ክትፎው ለብ የሚልበት የእንጨት ከሰል። እሱን ኤሌክትሪክ ይተካዋል፤ ኤሌክትሪኩ ከውሃ ይምጣ ከዩራኒየም ለምድጃው ለውጥ የለውም። ለምሳሌ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። 10,000 ቤተሰብ በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢያበራ 35 ሜጋዋት ይሆናል፤ ይህ የጊቤ 1 አቅም አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ያን ያህል ኃይል ከጊቤ ማዶ ይገኝ ይሆናል፤ ወደ ሰፈር የሚያደርሰው ትራንስፎርመርና ሽቦ ካልቻለው ግን መብራቱ መጥፋቱ አይቀርም።

የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው አንድ አገር ስለ ኒውክሌር ማሰብ ከጀመረበት አንስቶ ማብላያው ሥራ እስኪጀምር ከ10 እስከ 15 ዓመት ይወስዳል። ጥናቱ፣ የባለሙያ ሥልጠናውና የቦታ ምርጫው ይቀጥል፤ ተገቢ ነው። የወልቂጤና የቡታጅራ ጓዳ ግን 15 ዓመት መጠበቅ የለበትም። የከሰሉን ጭስ ዛሬ የሚቀንሰው የማከፋፈያ መስመርን ማጠናከር ነውና በጀት ሲመደብ ቅድሚያው ለእሱ ይሁን።