ያገለገለ የመኪና ማንሻ ስለ መግዛትና በግቢ ስለ መትከል

በከተማችን በጅግጅጋ የሚኖር መካኒክ ሥራ አያጣም። ካራማራን ተሻግሮ የመጣው፣ ከቶጎ ውጫሌ የተመለሰው፣ ከቀብሪ በያህ ወዲያ አስፋልት ለቆ የሄደው መኪና ሁሉ የሚጎዳው ከሥሩ ነው። ብዙዎቹ መካኒኮች ደግሞ በመኖሪያ ግቢያቸው ስለሚሠሩ ከመኪና ሥር የሚገቡት ወይ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ወይም በክሪክ አንሥተው ብሎኬት አስደግፈው ነው። ብሎኬት ግን አስቀድሞ ሳይነግር ይፈረካከሳል፤ የቤንዚን ትነትም ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ስለዚህ ነው ማንሻ የሚፈለገው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 በአሜሪካ አገር በሜምፊስ ከተማ ፒተር ሉናቲ የተባለ ሰው በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ማንሻ አወጣ፤ አሳቡን ያገኘው ከጠጕር አስተካካይ ወንበር ነው ይባላል። ዛሬ በጋራዥ የሚታየው አብዛኛው ባለ ሁለት ምሰሶ ሲሆን ዐይነቱ ሁለት ነው። በአንደኛው ክንዱን ተሸክሞ የሚወጣው በረጅም ብሎን ላይ የሚሄድ ዳዶ ነው። ይህ ዳዶ እያደር ይበላል፤ ከእርሱ በታች ያለው ሁለተኛ ዳዶ ለአደጋ የተቀመጠ ነው። ገዢ የሆነ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለክቶ ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር ያስተያይ፤ ክፍተቱ ጠቦ ከተገኘ ዋናው ዳዶ አልቋል ማለት ነው። ሁለተኛው ዐይነት በዘይት የሚሠራው ነው። የዚህን ደግሞ የሽቦ ገመዱን ክር፣ የሲሊንደሩን ማፍሰስ፣ ከሁሉ በላይ የሁለቱን ምሰሶዎች መቆለፊያ፣ መኪና አሳይዞ ማየት ይገባል። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ማንሻ እኔን ከዛገው ይልቅ ያስጠረጥረኛል፤ ቀለም የብየዳ ጠባሳ ይሸፍናልና። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነም የቤታችን ባለ 220 ቮልት አንድ ፌዝ መስመር አያሠራውም።

ይሁን እንጂ ዋናው ነገር ብረቱ ሳይሆን ወለሉ ነው። ባልዲ ውኃ በተዘረጋ እጁ የያዘ ሰው ወደ ባልዲው እንደሚያዘነብል፣ መኪና የተሸከመ ምሰሶም ወደ መኪናው ያዘነብላል፤ እንዳይወድቅ የሚይዙት ከእግሩ ወለሉን የነከሱት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። ብዙ ፋብሪካዎች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ያልተሰነጠቀ ኮንክሪት ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁም አሉ። ከአሮጌው ቦታ የተነቀለውን ቡሎን መልሶ መጠቀም አይገባም፤ አንድ ጊዜ ተወጥሮ ነክሷልና።

አጎቴ አምና ለአንድ ማንሻ ቀብድ ከከፈለ በኋላ የግቢውን ወለል በስቶ ቢለካው 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ «አጎቴ፣ አይጨነቁ፣ ስንቱ እንዲሁ ተክሎታል» አለው። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ከመኪናው ሥር ገብቶ የሚረዳው ታናሽ ወንድሜ ነው። አጎቴም ወለሉን አስፈርሶ፣ በፌሮ አስሞልቶ፣ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር 28 ቀን ጠበቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንሻው በሸራ ተሸፍኖ በር ላይ ተጋድሞ ስለ ነበር የአክስቴ ቁጣ ቀላል አልነበረም። ጥቁር አፈር ያለበት ግቢ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ በዝናም ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ወለሉንም ይዞት ይነሣል።

ከተተከለ በኋላስ? ባዶው 2 ቶን ገደማ የሚመዝን ላንድክሩዘር በባለ 4 ቶን ማንሻ በሚገባ ይነሣል፤ ክንዶቹ በሻንሲው ላይ ይረፉ። ጭነት የያዘ አይሱዙ ግን አይሞከርም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸው ከሆዳቸው ሥር ስለሆነ ክንዱ ባትሪውን እንዳይጫን መጠንቀቅ ያሻል። ጎማው ከመሬት ጥቂት እንደ ተነሣ ቆም ብሎ መኪናውን መነቅነቅ፣ ካልተንገዳገደ ማስቀጠል፣ ከዚያም በዘይት የሚሠራውን በመቆለፊያው ላይ ማሳረፍ ነው፤ መብራት ቢጠፋ፣ ዘይቱም ቢያፈስ፣ የሚይዘው መቆለፊያው ነውና። ሞተር ከፊት የሚወርድ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ የመጀመሪያው ቡሎን ከመፈታቱ በፊት ከኋላ በኩል ረጅም የብረት መቆሚያ ይደገፍበታል።