ደም ራሱ መልእክተኛ ሲሆን

መዳፋችንን በደረታችን ላይ ብናኖር ልባችን ሲመታ ይሰማናል፤ የእጃችንን አንጓ ብንዳስስ የደማችን ትርታ ይታወቀናል። ዳሩ ግን ያ ደም ለየትኛው ብልት ምን ያህል እንደሚደርስ መዳፋችንም ጣታችንም ሊነግረን አይችልም። ከታመመ ሰው አልጋ አጠገብ የቆመ ቤተ ሰብ ግን አብዝቶ የሚጨነቀው ስለዚሁ ነው፤ አንጎሉ ደም ያገኛልን? ኩላሊቱስ?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጋሌን ደም በጉበት እየተሠራ በብልቶች ውስጥ ያልቃል ብሎ ያስተምር ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ደም ከልብ ወጥቶ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ አስረዳ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቈጣጠር ናቸው።) ያረፈ ጎልማሳ ልብ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ከዚህ ውስጥ አንጎል 700 ሚሊ ሊትር ያህል ሲወስድ፥ ክብደታቸው ከአንጎል እጅግ የሚያንሰው ሁለቱ ኩላሊቶች 1 ሊትር ያህል ይቀበላሉ፤ ይኸውም ለራሳቸው ሲሳይ ብቻ ሳይሆን የሰውነትን ደም ለማጣራት ነው።

ይህን መጠን መለካት ቀላል አልነበረም። በ1940ዎቹ ሲሞር ኬቲና ካርል ሽሚት የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ሰውየውን ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በጥቂቱ እያስተነፈሱ፥ ከደም ቅዳውና ከአንገቱ ደም መልስ በመርፌ እየቀዱ የአንጎልን ድርሻ አሰሉ። ታላቅ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን የመላውን አንጎል አማካይ ብቻ ያሳይ ነበር እንጂ የትኛው ክፍል ደም እንደ ጐደለው አይለይም ነበር።

ከዚያ በኋላ በብርቱ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ኤም አር አይ መጣ። በዚህም ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ ፍሰቱ ይታያል፤ ዛሬም ይሠራበታል። ዳሩ ግን በ2006 ከመድኃኒቱ ዓይነቶች አንዳንዶቹ፥ ኩላሊታቸው እጅግ በደከመ ሕሙማን ላይ ቆዳን ከሚያደነድን ብርቱ ሕመም ጋር የተያያዙ መሆናቸው ታወቀ። እንግዲህ የኩላሊቱ ደም ይለካ ዘንድ አብዝቶ የሚያስፈልገው ሕመምተኛ፥ መድኃኒቱን አብዝቶ የሚፈራ ሆነ።

ሌላ መንገድ ግን አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1992 ጆን ዴትሬ፥ ዶናልድ ዊልያምስ፥ አለን ኮሬትስኪና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ አገር በአይጦች አንጎል ላይ ፈተኑት፤ በ1994ም የሰው አንጎል በዚሁ ተለካ። መንገዱ እንዲህ ነው። ገበሬ የመስኖው ውሃ ለየትኛው መደብ እንደሚደርስ ለማወቅ ቢሻ ከላይ ቀለም ይጨምርበታል። እነርሱ ግን ቀለሙን ትተው ውሃውን ራሱን ምልክት አደረጉት። ደም አብዛኛው ውሃ ነውና፥ በአንገት ሲያልፍ በውሃው ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን የማግኔት አቅጣጫው በራዲዮ ሞገድ ይገለበጣል። 2 ሴኮንድ ያህል ተጠብቆ የአንጎል ሥዕል ይነሣል፤ ደግሞም ያለ ምልክት ሌላ ሥዕል ይነሣል። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የሚተርፈው፥ በዚያች ጊዜ የደረሰው ደም ነው። መርፌም መድኃኒትም አያስፈልግም።

ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ይደጋገማል፤ ሕመምተኛውም ሳይንቀሳቀስ መተኛት አለበት። ምልክቱም በሴኮንዶች ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የደም ሥሩ በጠበበ ሰው ዘንድ ደሙ ዘግይቶ ሲደርስ ፈጽሞ የሌለ ሊመስል ይችላል፤ ሥዕሉን የሚያነብ ብልህ ሐኪም ያስፈልጋል። የአንጎልን ምት፥ እጢንና የመርሳትን ሕመም ለመመርመር ይረዳል። ከትንፋሽ ጋር የሚንቀሳቀሰውን ኩላሊት መለካት ግን ይበልጥ አስቸጋሪ ነው።

ለቤተ ሰብ ሁለት ነገር እናሳስባለን። ወደዚህ ማግኔት የሚገባ ሰው የአንገት መስቀሉን፥ ቀለበቱንና ማናቸውንም ብረት አስቀድሞ ያውልቅ፤ በሰውነቱ ውስጥ የልብ መምቻ መሣሪያ ወይም ብረት ካለ ሳይደብቅ ይናገር። ደግሞም የአንድ ሰው አፍ በድንገት ቢጣመም፥ እጁ ቢዝል፥ ንግግሩ ቢተሳሰር፥ እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ደም የተቋረጠበት አንጎል ቀጠሮ አይሰጥምና።