የጀልዴሳ ምስል ከየት ይመጣል? የበረራ ሲሙሌተርና የሩቅ ሰርቨሮች ዕጣ

ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በአነስተኛ አውሮፕላን ተነሥተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብናቀና፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከጀልዴሳ በላይ እንደርሳለን። የሐረርጌ ተራሮች ከበስተኋላችን ይቀራሉ፤ ከፊታችን ቆላማው ሜዳ፣ ቁጥቋጦውና ደረቁ የወንዝ አሸዋ ይዘረጋል። ይህን ጉዞ ለማድረግ ዛሬ የአብራሪነት ፈቃድ ማውጣት ግድ አይደለም። በረራን የሚያስመስል የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ማለትም የበረራ ሲሙሌተር፣ እንዲሁም ጥሩ የኢንተርኔት መስመር ያለው ተማሪ ከወንበሩ ሳይነሣ ሊያደርገው ይችላል።

ለመሆኑ ይህ ተማሪ በስክሪኑ ላይ የሚያየው የጀልዴሳ መሬት የት ተቀምጧል? በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው ብለን እንገምት ይሆናል። ነገር ግን እንደ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ባሉት አዳዲስ ፕሮግራሞች ዝርዝሩ ምስል በየደቂቃው ከሩቅ ሰርቨሮች የሚላክ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 10,000፣ በጁላይ 2025 ደግሞ 9,000 ያህል ሠራተኞቹን እንደሚቀንስ አስታውቋል። በሁለቱም ጊዜ የሲሙሌተሩ መዘጋት አልተነገረም። ሆኖም ምድሩን ከኩባንያው ሰርቨር የሚቀበል ሰው እንዲህ ያለውን ዜና ሲሰማ ቢሠጋ አያስደንቅም። ሥጋቱ ምን ያህል ተገቢ እንደ ሆነ ለመመዘን፣ የሲሙሌተሩ የትኛው ክፍል በእጃችን፣ የትኛውስ በሌላ እጅ እንዳለ ለይተን ማወቅ ይኖርብናል።

በቤታችን የሚሠራው ፊዚክስ

አንድ የበረራ ሲሙሌተር ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት ማለት ይቻላል። አንደኛው የበረራ ሕግ፣ ሁለተኛው የምድር ገጽታ ነው።

የበረራው ሕግ አጭር ነው። አውሮፕላንን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ከአየሩ እፍግታ፣ ከፍጥነቱ ካሬና ከክንፉ ስፋት ጋር ይመጣጠናል። ድሬዳዋን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስበት ቀን የአየሩ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ ይኸው መጠን 1.225 ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነቱን በ11 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። የሚንደረደርበት ርቀት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ የኤንጂኑ ጉልበት ባይቀንስ እንኳ ከ20 በመቶ በላይ ይረዝማል።

ይህን ሁሉ ስሌት የሚሠራው የተማሪው ኮምፒዩተር ራሱ ነው። ውጤቱን በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ያድሳል፤ ለዚህም የማንንም ሰርቨር አይጠይቅም። ኩባንያው ቢዘጋም የኒውተን ሕግ አይዘጋም።

ከሩቅ የሚመጣው ምድር

የምድሩ ገጽታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም የብስ ስፋት 149 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ እያንዳንዱ የምስል ነጥብ፣ ማለትም ፒክሰል፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እንዲሸፍን አድርገን ፎቶግራፍ ብናነሣ 600 ትሪሊዮን ያህል ነጥቦች እናገኛለን። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 3 ባይት ብንመድብ ድምሩ 1.8 ፔታባይት ይሆናል። አንድ ፔታባይት አንድ ሺህ ቴራባይት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ላወጣው ሲሙሌተር የተጠቀመበት የመልክዐ ምድር መረጃ ከ2 ፔታባይት በላይ መሆኑን መግለጹም ከዚህ ግምት ጋር የሚቀራረብ ነው።

ይህን ያህል መረጃ በቤት ማስቀመጥ አይቻልም። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር 2 ፔታባይት ለማውረድ 50 ዓመት ያህል ይፈጃል። ታዲያ ተማሪው ጀልዴሳን እንዴት ሊያይ ቻለ?

መልሱ በዓይናችን ተፈጥሮ ላይ የተመሠረተ ነው። ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ አንግል የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ገደማ ነው። በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ይህ 30 ሴንቲ ሜትር፣ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ደግሞ 3 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ለሩቁ ተራራ የጥቃቅን ድንጋዮችን ምስል መላክ ከንቱ ድካም ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚታየው ቀለበት ስፋት አራት እጥፍ ያድጋል፤ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር የሚያስፈልገው ነጥብ ግን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሁለቱ ስለሚጣፉ ከ1 እስከ 2፣ ከ2 እስከ 4፣ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ያሉት ቀለበቶች እያንዳንዳቸው እኩል መረጃ ይጠይቃሉ።

እስከ 64 ኪሎ ሜትር ያለውን ዙሪያ ሁሉ በ30 ሴንቲ ሜትር ጥራት ብንልክ፣ ምስሉ ወደ አንድ አሥረኛ ታምቆ እንኳ 43 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። በቀለበቶቹ ዘዴ ግን 200 ሜጋባይት ገደማ ይበቃናል። የመጀመሪያው በተጠቀሰው መስመር ከ9 ሰዓት በላይ ሲፈጅ፣ ሁለተኛው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ስሌታችን የቀለለ ቢሆንም የአሠራሩን ፍሬ ነገር ያሳያል። ዘዴው ግሩም ነው፤ ነገር ግን አንድ ዕዳ አለበት። ሰርቨሩ በሌላኛው ጫፍ ዘወትር ነቅቶ መጠበቅ አለበት።

ሁለት ዓይነት አሟሟት

የቅርብ ጊዜ ታሪክ የሁለቱን ክፍሎች ልዩነት በግልጽ ያስተምረናል።

ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ፍላይት ሲሙሌተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። በ2006 «ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ» የተባለው ዕትም በዲስክ ተሸጠ። በጃንዋሪ 2009፣ በዓለም የገንዘብ ቀውስ ወቅት፣ ኩባንያው እስከ 5,000 ሠራተኞችን ለመቀነስ ሲወስን ፕሮግራሙን የሠራው «ኤሴስ» ስቱዲዮ ተዘጋ። ሠሪዎቹ ተበተኑ፤ ሥራቸው ግን አልሞተም። ዲስኩን የገዛ ሁሉ መብረሩን ቀጠለ። በጎ ፈቃደኞችም አዳዲስ አውሮፕላኖችና ማረፊያዎች ጨመሩለት። በ2014 ፕሮግራሙ በሌላ ኩባንያ በኩል እንደገና ለገበያ ቀረበ። በዚያው ዓመት ተጫዋቾችን እርስ በርስ ያገናኝ የነበረው «ጌምስፓይ» የተባለው የሰርቨር አገልግሎት ሲዘጋ፣ የቀደሙት የዲስክ ቅጂዎች ያጡት ይህንኑ መገናኛ ብቻ ነበር። ከሰርቨር ጋር የታሰረው ክፍል ሞተ፤ በእጅ ያለው ክፍል ግን ተረፈ።

ሁለተኛው ምሳሌ የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ነው። የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ ጨዋታ ሰርቨሮች እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 ዘጋ። ጨዋታው ብቻን ለመጫወት እንኳ ሰርቨር ይጠይቅ ስለነበር፣ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ሰዎች በእጃቸው የቀረው የማይከፈት ፕሮግራም ነው። ይህም በአውሮፓ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ የተሰበሰበበት የሕግ ጥያቄ አስነሣ።

የአሁኑ ፍላይት ሲሙሌተር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይገኛል። የ2020ው ዕትም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዝርዝር የሌለው፣ ኮምፒዩተሩ በግምት የሚሥለው ምድር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የወጣው ዕትም ግን በሰርቨሮች ላይ ያለው ጥገኝነት ይበልጥ የጠነከረ ነው። በወጣበት ዕለት ሰርቨሮቹ በሕዝብ ብዛት ተጨናንቀው ብዙ ሰዎች መግባት አቅቷቸው ነበር።

ሠራተኛ ሲቀነስ ምን ይጎድላል?

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። ሲሙሌተሩን የሚሠራው አሶቦ በቦርዶ፣ ፈረንሳይ የሚገኝ ራሱን የቻለ ስቱዲዮ ነው። የማይክሮሶፍት ሠራተኞች መቀነስ በቀጥታ የአሶቦ ሠራተኞች መቀነስ አይደለም። ነገር ግን ሰርቨሩም፣ ዋናው የካርታ መረጃም፣ በጀቱም በማይክሮሶፍት እጅ ናቸው።

ሰርቨር ደግሞ እንደ ሐውልት አንዴ ቆሞ የሚቀር ነገር አይደለም። 2 ፔታባይት በሦስት ቅጂ ለማስቀመጥ 20 ቴራባይት የሚይዙ 300 ዲስኮች ያስፈልጋሉ። ለምሳሌ ያህል በዓመት ከመቶ አንዱ ቢበላሽ፣ በየአራት ወሩ አንድ ዲስክ መለወጥ አለበት። የደኅንነት ቀዳዳዎች መደፈን፣ የመግቢያ ሥርዓቱ መታደስ፣ የአየር ሁኔታ መረጃ ውል መራዘም ይኖርበታል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሲሄዱ ሥርዓቱ በዚያው ቀን አይወድቅም። በመጀመሪያ የካርታው መታደስ ይዘገያል፤ ቀጥሎ ስሕተቶች ሳይታረሙ ይከማቻሉ፤ በመጨረሻም አንድ የሒሳብ ባለሙያ የሰርቨሩን ወጪና የተጠቃሚውን ቁጥር አወዳድሮ «ይዘጋ» ይላል። በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ከድሬዳዋ የሚበር ተማሪ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው።

የጀልዴሳ ትምህርት

ይህ ነገር ለጀልዴሳ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ጀልዴሳ ላይ ያርፍ ነበር። የበረሃውን መንገድ የጨረሱት ግመሎች ጭነታቸውን የሚያራግፉት፣ ለዳገቱም ሌላ አጋሰስ የሚዘጋጀው እዚያ ነበር። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ዛሬ ድሬዳዋ ወዳለችበት ስፍራ ሲደርስ ንግዱ ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ። ጀልዴሳን ማንም አላፈረሳትም፤ በእርሷ በኩል ያልፍ የነበረው መንገድ ብቻ ዞረ። ሐዲዱ የት ማለፍ እንዳለበት ሲወሰን ግን የጀልዴሳን ነጋዴ የጠየቀው አልነበረም። መስመሩ በሌላ እጅ ያለ ሰው ዕጣውም በዚያው እጅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከዘመናዊው ሲሙሌተር እንሽሽ ማለታችን አይደለም። እስካለ ድረስ እንማርበት። ነገር ግን ያለ ፈቃድ የማይዘጋ ነገርም በእጃችን ይኑር። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት «ፍላይትጊር» የተባለ ሲሙሌተር በነፃ ይገኛል፤ የሠሪዎቹን ኮድም ማንበብና ማሻሻል ይቻላል። የምድሩን ከፍታ በተመለከተም፣ «ኢንዴቨር» የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በፌብሩዋሪ 2000 በራዳር የለካችው የ30 ሜትር ጥራት ያለው መረጃ አፍሪካን ጨምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። የጀልዴሳ ጉብታና ሸለቆ በዚያ ውስጥ አለ። የመላዋን ኢትዮጵያ የከፍታ መረጃ ለማስቀመጥ ደግሞ ጥቂት ጊጋባይት፣ ማለትም አንድ ፍላሽ ዲስክ ይበቃል።

የስምንተኛውም ሆነ የአሥራ ሁለተኛው ክፍል ተማሪ ከላይ ያየናቸውን ስሌቶች በወረቀት ሊሠራቸው ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሮ ክፍቱን የከፍታ መረጃ አውርዶ፣ ከድሬዳዋ እስከ ጀልዴሳ ያለውን ምድር በራሱ ፕሮግራም ሊሥል ይችላል። የእርሱ ሥዕል ሻካራ ይሆናል፤ የቤቶቹ ጣሪያና የዛፎቹ ጥላ አይታይበትም። ሆኖም በሌላ ክፍለ ዓለም የአንድ ቢሮ ሠራተኞች በተሰናበቱ ማግስትም ይከፈታል።