ፌስታሉ የት ገባ? የመንግሥት ፖሊሲ እንዴት ይወጣል፣ እንዴትስ ይመዘናል?

ከአዲስ አበባ ዘመድ ወደ ናይሮቢ ሊመጣ ሲነሣ ሁላችንም በስልክ ደጋግመን የምናሳስበው ነገር አለ። «በርበሬውንም ሽሮውንም በፌስታል አትያዙት፤ እዚህ ክልክል ነው» እንላለን። እንግዳው ይገረማል። ታናናሾቹ ተማሪዎቻችን ደግሞ በእንግዳው መገረም ይገረማሉ፤ ሱቅ ሄደው ዕቃ በፌስታል ሲሰጣቸው አያስታውሱምና። በዚህ ዓመት አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ በክፍል ውስጥ «ፌስታል ምን አጥፍቶ ነው የተከለከለው? ማንስ ነው የከለከለው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ከፌስታል አልፎ መንግሥት እንዴት እንደሚወስን የሚያሳይ ሆኖ ስላገኘነው በዚህ መጽሔት ላይ በሰፊው ልንመልሰው ወደድን። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖሊሲ ማለት መንግሥት አንድን የጋራ ችግር ለመፍታት የመረጠው መንገድ ነው። ሕግ፣ ደንብ፣ ቀረጥና በጀት የዚያ መንገድ መሣሪያዎች ናቸው። መንግሥት ችግሩን እያየ ዝም ካለም ዝምታው ራሱ ምርጫ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ፖሊሲ ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ ምርጫ ነው፤ ምርጫ ባለበት ደግሞ የሚጠቀምም የሚጎዳም አለ።

የመጀመሪያው ደረጃ ችግሩ መታየቱ ነው። በኬንያ ከተሞች ፌስታል የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦዮችን ይደፍን ነበር፤ ሲዘንብ መንገዱ በጎርፍ ይሞላል። በየሜዳው የሚግጡ ከብቶች ይበሉታል፤ ሲታረዱ ከሆዳቸው ይወጣል። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ዋንጋሪ ማታይ የተጣለ ፌስታል ውኃ እያቆረ ለወባ ትንኝ መራቢያ እንደሚሆን ያስጠነቅቁ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ናይሮቢ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በኬንያ ሱፐርማርኬቶች ብቻ በዓመት እስከ 100 ሚሊዮን ፌስታል እንደሚታደል ገምቶ ነበር። ብዙ ችግር ለዓመታት እየታየ ሳይነካ ይኖራል። ወደ ባለሥልጣን ጠረጴዛ የሚደርሰው ደጋግሞ የሚናገር ሰው ሲያገኝ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ አማራጮችን ማየት ነው። ፌስታሉን ማስከፈል ይቻላል፤ ቀረጥ መጣል ይቻላል፤ ሰብስቦ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ስሱን ብቻ መከልከልም ሆነ ጨርሶ መከልከል ይቻላል። ኬንያ በ2007 እና በ2011 ስሱን ብቻ ለመከልከል ሞክራ ነበር፤ ሁለቱም ሙከራዎች አልያዙም። አምራቾች ተቃወሙ፤ ደንቡም ለአፈጻጸም የሚመች አልነበረም። ገበያ መሐል የቆመ ተቆጣጣሪ የአንዱን ፌስታል ውፍረት ከሌላው በዓይኑ እንዴት ይለያል? በወረቀት ላይ ያማረ ደንብ በሶኮው ውስጥ የሚሠራ መሆኑ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ሦስተኛው ውሳኔው ነው። በየካቲት መጨረሻ 2017 የያኔዋ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ጁዲ ዋክሁንጉ ያወጡት ማስታወቂያ በኬንያ ጋዜት ታተመ። ኬንያ ጋዜት እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ መንግሥት ውሳኔውን በይፋ የሚያሳውቅበት ነው። ለዚህ ክልከላ አዲስ ሕግ በፓርላማ አልጸደቀም፤ ሚኒስትሯ የተጠቀሙት በ1999 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ የሰጣቸውን ሥልጣን ነበር። የስድስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ ክልከላው ነሐሴ 28 ቀን 2017 ጸና። ቅጣቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ፣ ወይም ከአንድ እስከ አራት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ነው።

በዚህ መሐል የተቃወሙ ነበሩ። የአምራቾች ማኅበር 176 ፋብሪካዎች እንደሚዘጉና 60,000 ሰዎች ሥራ እንደሚያጡ ተናገረ። አስመጪዎች ክስ መሠረቱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክልከላው ሊጸና ሦስት ቀን ሲቀረው አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገው። በቀጣዩ ዓመትም የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ክልከላው ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። በክርክሩ ከተነሡት ነጥቦች አንዱ «ሕዝቡ በበቂ ሁኔታ ተጠይቋል ወይ?» የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ የሚነሣው የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተሳትፎን ከአገሪቱ መርሆዎች አንዱ ስላደረገው ነው። ያው ሕገ መንግሥት ንጹሕ አካባቢ የማግኘት መብትንም ለሁሉም ይሰጣል። ዳኞች እንዲህ ሁለት መልካም ነገሮችን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ግድ ይሆንባቸዋል።

ታዲያ ፖሊሲው ሠራ ወይስ አልሠራም? በአጥርና በዛፍ ላይ ይንጠለጠል የነበረው ፌስታል በዓይን በሚታይ ሁኔታ ቀንሷል። ሰው ከቤቱ ዘንቢል፣ ኪዮንዶ ወይም የጨርቅ ቦርሳ ይዞ መውጣት ለምዷል። በሌላ በኩል ከጎረቤት አገር በድብቅ የሚገባው ፌስታል አልቆመም። በፌስታል ምትክ የመጣው ርካሽ ቦርሳም ቶሎ እየተቀደደ ሌላ ቆሻሻ ስለሆነ በ2019 የአካባቢ ባለሥልጣኑ እሱንም ለመከልከል ተነሣ። አንዳንዱ ጉዳት ደግሞ ከትልልቅ ቤቶች አጥር ውስጥ ሆኖ አይታይም። እንደ ኪቤራ ባሉ መጸዳጃ ቤት ባልተዳረሰባቸው ሰፈሮች ሌሊት ከቤት መውጣት የሚፈሩ ሰዎች ፌስታልን ለመጸዳጃ ይጠቀሙ ነበር። ፌስታሉ ተከለከለ፤ መጸዳጃ ቤቱ ግን አብሮ አልተሠራም።

ከዚህ ታሪክ ተማሪዎቻችን ማንኛውንም ፖሊሲ ሲመዝኑ ሊጠይቋቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎች እናወጣለን። ሊፈታ የታሰበው ችግር ምንድን ነው? ሌላ ምን አማራጭ ነበር? ከመወሰኑ በፊት እነማን ተጠየቁ? ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ወደቀ? ከተወሰነ በኋላስ ተመልሶ ውጤቱን ያየ አለ? ቁጥር ሲነገረንም ተናጋሪው ማን እንደሆነ እንይ። 60,000 የሚለውን የተናገሩት ክልከላው እንዳይጸና የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ ያ ብቻውን ቁጥሩን ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን ሳንመረምር አንቀበለው። መንግሥት «ተሳክቶልናል» ሲልም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው ስናስተምር እኛ ራሳችን ምን እንዳደረግን ሳንናገር ብንቀር ደግ አይሆንም። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት የምሳ ዕቃ እንዳይገባ፣ ተማሪ ሁሉ የብረት ምሳ ዕቃ እንዲይዝ የሚል ደንብ አወጣን። ሐሳባችን ጥሩ ነበር። ግቢው ጸዳ፤ እኛም ተደሰትን። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር ሦስት ልጆች በምሳ ሰዓት ከጓደኞቻቸው ተለይተው ሜዳ ላይ እንደሚቆዩ ነገሩን። ልጆቹ ምሳ አልያዙም ነበር። የብረቱ ዕቃ ዋጋ ለወላጆቻቸው ከብዶ፣ በሌላ ዕቃ ልከው ልጃቸው በር ላይ እንዳይመለስ ፈርተው ነው። አንዲት እናት ቢሯችን መጥተው «ብትጠይቁን ኖሮ እንነግራችሁ ነበር» አሉን። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው እንዲሉ፣ የልጁን ምሳ በየማለዳው የምትቋጥረውን እናት ሳንጠይቅ ስለ ምሳ ዕቃ ወስነን ነበር። ወላጆችን ሰብስበን ደንቡን አሻሻልነው፤ ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል ማንኛውም ዕቃ፣ ያለቀ የማርጋሪን ዕቃም ቢሆን፣ ይፈቀዳል። ግቢያችን ዛሬም ንጹሕ ነው። ሦስቱም ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር ይበላሉ። ለእነዚያ ሦስት ሳምንታት ግን ልጆቹንና ወላጆቻቸውን እዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጉዳዩ ወደ አገራችንም ይደርሳል። ኢትዮጵያ በ2007 ባወጣችው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክላ ነበር። ሆኖም ስሱ ፌስታል ከገበያው አልጠፋም። በ2025 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። ስለዚህ አሁን የሚመጣው እንግዳ እንደ ቀድሞው ላይገረም ይችላል፤ ምናልባትም ጠያቂው እሱ ይሆናል። ለአዲስ አበባ የጉሊት ነጋዴ ምን ምትክ ተዘጋጀ? ቁጥጥሩን ማን ይሠራል? ልጆቻችን የኬንያን ልምድ አይተው አድገዋልና በዚህ ጨዋታ ላይ የሚሉት ይኖራቸዋል።

ወላጆችን አንድ ነገር እንለምናለን። በእረፍቱ ወራት ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ደንብ ምረጡ፤ የመንግሥትም ይሁን፣ የትምህርት ቤታችንም ይሁን፣ የቤታችሁም ይሁን። አምስቱን ጥያቄዎች አብራችሁ ጠይቁት። ልጁ የቤቱን ደንብ ሲመረምር አትቆጡት። የትምህርት ቤቱን ደንብ መርምሮ ጉድለት ካገኘ ደግሞ ይዞልን ይምጣ፤ የቢሯችን በር ክፍት ነው።

መልካም የእረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።