በሕፃንነት የደረሰ መከራ በሰውነት ላይ ስለሚያሳርፈው ምልክት

ችግኝ ሳለ የተጣመመ ዛፍ ካደገ በኋላ ለማቅናት አስቸጋሪ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። የሰውም ልጅ ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በልጅነቱ የተደበደበ፤ የተራበ፤ ወይም ያለ ጊዜው ከእናቱ እቅፍ የተለየ ሰው፤ ካደገ በኋላ ያለ ግልጽ ምክንያት ሲተክዝ፤ እንቅልፍ ሲያጣ፤ ከሥራና ከሰው ሲሸሽ ይታያል። ጎረቤቱ ሰነፍ ይለዋል፤ ዘመዱም ዓይነ ጥላ ነው ይላል። ሐኪሞች ግን ይህን ደዌ ድባቴ ብለው ሰይመው ሥሩን ሲመረምሩ ኖረዋል።

ሰው በደነገጠ ጊዜ ከኵላሊቱ በላይ ያለው ዕጢ ኮርቲሶል የሚባለውን ቅመም ወደ ደም ይልካል፤ ሰውነትም ኃይሉን አሰባስቦ ለመሸሽ ወይም ለመመከት ይዘጋጃል። አደጋው ካለፈ በኋላ ይኸው ቅመም ወደ አንጎል ደርሶ «ይበቃል» ይላል። ይህ ቃል ሳይሰማ የቀረ እንደ ሆነ ግን፤ ሰውነት ጠላት በሌለበት ዘወትር እንደ ዘበኛ ቆሞ ይኖራል።

ቃሉ የማይሰማበትን ምክንያት የዜማ ቤት ሰው በቶሎ ያስተውለዋል። በድጓ ፊደሉ አንድ ነው፤ ከፊደሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት ግን ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ያዛል። እንደዚሁም ልጅ ከወላጆቹ የወረሰው ጂን ሳይለወጥ፤ በላዩ የሚያርፈው ሜቲል የሚባል ረቂቅ ምልክት ሥራውን ያበረታል ወይም ያደክማል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. በካናዳ አገር የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፤ እናታቸው አብዝታ የላሰቻቸውና ጥቂት ብቻ የላሰቻቸው የአይጥ ልጆች ምልክታቸው የተለያየ መሆኑን ገለጹ። ከቸልተኛዪቱ የተወለደው ለርኅሩኅዋ በተሰጠ ጊዜ ግን ምልክቱ እንደ አሳዳጊዪቱ ልጆች ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ኤሊዛቤት ቢንደርና ባልደረቦቿ፤ «ይበቃል» የሚለውን ቃል የሚያደነቁረውን ኤፍ ኬ ቢ ፒ 5 የተባለውን ጂን በሰው ላይ መረመሩ። የዚህን ጂን አንዱን ዓይነት በወረሱና በልጅነታቸው በተበደሉ ሰዎች ላይ ጂኑን ዝም የሚያሰኘው ምልክት ተነሥቶ ተገኘ፤ በደሉ ካደጉ በኋላ በደረሰባቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። የልጅነት ዘመን ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር የምዕራብ ጎጃምን ሕዝብ የሚመለከት አይደለምን? የቡሬ ምድር በበቆሎና በበርበሬ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የጎተራ መሙላት ብቻውን ልጅን አያሳድግም። በየገጠሩ ትንሽ ልጅ ለከብት ጥበቃ ይቀጠራል፤ ሴት ልጅም አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ትዳራለች። የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ከለከለ፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአድራጊው ላይ የእሥራት ቅጣት ወሰነ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ጦርነት በመነሣቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በፍኖተ ሰላም ከተማ ሰላማውያን ሰዎች ሞቱ። ያን ቀን ያዩ ሕፃናት ድምፁን ከጆሮአቸው በቀላሉ አያወጡትም።

ቢሆንም ምልክቱ የማይፋቅ ዕጣ ነው ማለት አይደለም። መከራ ያየ ልጅ ሁሉ አይታመምም፤ አንድ የታመነ ታላቅ ሰው በአጠገቡ መኖሩ ብዙ ይጠብቀዋል። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ይዞ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ፤ መምህሩ እንደ አባት ከያዘው፤ ባለቤቲቱም በመልካም ቃል ከሸኘችው፤ መከራው ይቀልለታል። በዱላና በስድብ ከተቀበሉት ግን በመከራው ላይ መከራ ይጨመርበታል።

ስለዚህ የወረዳ ሹም የልጅቱን ዕድሜ ሳያረጋግጥ ጋብቻ አይመዝግብ፤ ካህንም ሕፃን በምትዳርበት ድግስ አይባርክ። የንስሐ አባት የሚያዝነውን ሰው በሃይማኖት ማነስ ከመውቀስ አስቀድሞ ታሪኩን ይስማ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይምራው። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይምከረው፤ ሁለቱ አይጣሉምና።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ያሉ ልጆች ያለ ፍርሃት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፤ ያለ ፍርሃትም ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት መንገድ ሲኖራቸው ያን ጊዜ ስሟ እውነት ይሆናል።