በቅሎ ለምን አትወልድም?

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። የሰውነቷ ሕዋሳት ግን አባቷን አይደብቁም። የፈረስ ሕዋስ 64 ክሮሞሶም (ውርስ ተሸካሚ ክር) ሲኖረው የአህያ 62 ነው። ባዝራዋ በእንቁላሏ 32፣ አህያው በዘሩ 31 ያዋጣሉ፤ በቅሎዋ 63 ይዛ ትወለዳለች። ይህ ጎዶሎ ቁጥር ለጤናዋም ሆነ ለጉልበቷ እንቅፋት አይሆንባትም። ጭነት ተሸክማ አቀበት ቁልቁለቱን ስታያይዘው ብዙ ፈረስ አይደርስባትም። የሚያቅታት መውለድ ብቻ ነው። ወለዱ የተባሉ በቅሎዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ምክንያቱ ያለው ሕዋስ በሚከፈልባቸው ሁለት መንገዶች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ቁስል ሲሽር፣ ፀጉር ሲያድግ፣ ፅንስ ሲፋፋ የሚካሄደው ክፍፍል ሚቶሲስ ይባላል። ሕዋሱ ክሮሞሶሞቹን ያባዛና እኩል አካፍሎ ለሁለት ይከፈላል፤ የሰው ከሆነ ሁለቱም አዳዲስ ሕዋሳት 46 ክሮሞሶም ይደርሳቸዋል። በዚህ ሥራ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ለብቻው ስለሚሰለፍ 63ም ሆነ 64 ለውጥ የለውም። የበቅሎ ሰውነት ያለ ችግር የሚገነባው ለዚህ ነው።

እንቁላልና የወንድ ዘር በዚሁ መንገድ ቢሠሩ ኖሮ ልጅ 92፣ የልጅ ልጅ 184 ክሮሞሶም ይኖረው ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘው መገናኘት አለባቸው። ቤልጅጋዊው ኤድዋርድ ቫን ቤኔደን እ.ኤ.አ. በ1883 ይህን ያሳየው ከፈረስ አንጀት በወጣ የወስፋት ዓይነት ትል ነው። የትሉ ሕዋስ 4 ክሮሞሶም ብቻ ስላለው ለቆጠራ የተመቸ ነበር። አዲስ በተፀነሰው እንቁላል ውስጥ 2 ከእናት፣ 2 ከአባት መግባታቸውን በማይክሮስኮፕ ተመለከተ።

ግማሹን የሚያመጣው ክፍፍል ሚዮሲስ ነው። ሕዋሱ ክሮሞሶሞቹን አንዴ አባዝቶ ሁለቴ ይከፈላል። ተማሪ ቤት የሚነገረው በአብዛኛው ይህ የቁጥር ቅነሳ ነው። ትልቁ ነገር የሚሆነው ግን ከዚያ በፊት ነው።

ከመጀመሪያው ክፍፍል አስቀድሞ፣ ከእናት የመጣው ክሮሞሶም ከአባት የመጣውን አቻውን ፈልጎ ያገኘዋል። ሁለቱ ከዳር እስከ ዳር ጎን ለጎን ይጣበቃሉ። በዚሁ ሂደት ሕዋሱ በክሮሞሶሞቹ ውስጥ ያለውን የገዛ ዲኤንኤውን በብዙ ቦታ ይቆርጣል! ቁርጡ ሲጠገን አንዳንዱ ቦታ ላይ የእናት ቁራጭ ከአባት፣ የአባትም ከእናት ክሮሞሶም ጋር ይቀጠላል። በሰው ይህ ልውውጥ በአንድ የሚዮሲስ ዙር በአማካይ ከ20 በላይ ቦታ ላይ ይፈጸማል። ሃሪየት ክሬይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ እ.ኤ.አ. በ1931 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩን በበቆሎ አረጋገጡ። አንደኛው የበቆሎ ክሮሞሶም ጫፉ ላይ ጎልቶ የሚታይ እብጠት ነበረው፤ የፍሬው ባሕርያት ቦታ ሲለዋወጡ እብጠቱም አብሮ ተሻግሮ ተገኘ።

ብወዛው በዚህ አያበቃም። በሰው 23 ጥንዶች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ የትኛው ወደ የትኛው ወገን እንደሚሄድ የሚወስነው ዕጣ ነው። ይህ ብቻውን ለአንድ ሰው 8,388,608 ዓይነት የዘር ሕዋስ ያስገኛል። የባልና የሚስት ሲገናኝ ቁጥሩ ከ70 ትሪሊዮን ይበልጣል፤ የቁርጥራጭ ልውውጡ ገና ሳይቆጠር። የአንድ እናትና አባት ልጆች በመልክም በጠባይም የሚለያዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በቅሎ የምትቸገረው እዚህ ላይ ነው። የፈረስና የአህያ ክሮሞሶሞች በቁጥር ብቻ ሳይሆን በአደረጃጀትም ስለሚለያዩ አቻ ለአቻ መጣመር ያቅታቸዋል። ሕዋሱም ጥንዶቹ እንዳልተሟሉ ሲያውቅ ሥራውን ያቋርጣል፤ አብዛኞቹ የዘር ሕዋሳት መንገድ ላይ ይሞታሉ።

ሰው ላይም ጥምረቱ ሊላላ ይችላል። ሴት ልጅ እንቁላሎቿ ሚዮሲስን የሚጀምሩት እሷ ራሷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። ክሮሞሶሞቹ ተጣምረው፣ ተለዋውጠው ይቆማሉ፤ ሥራው የሚቀጥለው ከጉርምስና በኋላ በየወሩ ነው። በ40 ዓመቷ የምትፀንስ እናት እንቁላል እንግዲህ ከ40 ዓመት በላይ ጥንዶቹን ይዞ ቆይቷል። አያይዘው የሚያቆዩት ፕሮቲኖች በዕድሜ ስለሚዳከሙ አንዳንዴ ጥንዱ ሳይለያይ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ዳውን ሲንድረም በአብዛኛው የሚከሰተው 21ኛው ክሮሞሶም እንዲህ ሲተርፍ ነው። ዕድሉ በ25 ዓመት እናት ከ1,200 አንድ ገደማ፣ በ40 ዓመት ከ100 አንድ ገደማ ነው።

ብወዛው እንዲጠቅም ደግሞ የሚበወዘው ነገር የተለያየ መሆን አለበት። የጤፍ አበባ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ጥንድ ክሮሞሶሞቹ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቢለዋወጡም አዲስ ነገር አይወጣም። አበባው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል አይሞከርም ተብሎ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው ከጠዋቱ 12:45 እስከ 1:30 ገደማ እንደሚከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ አዳቃዮች በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን መርፌ የአንዱን አበባ ሦስት የወንዴ ክፍሎች ነቅለው የሌላውን ዱቄት ማድረስ ቻሉ።

በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ምርቱ ከፍ ያለውን ዱከም የተባለ ዝርያ ንጣቱ ከተመሰከረለት ማኛ ጋር አዳቀሉት። በዲቃላው ሚዮሲስ ውስጥ የሁለቱ ክሮሞሶሞች ተጣምረው ቁራጭ ተለዋወጡ። ከልጅ ልጆቹ አንዱ ምርት ከአንዱ፣ ንጣት ከሌላው ይዞ ወጣ፤ አንዱ ደግሞ ሁለቱንም ሳይዝ ቀረ። ተመራማሪዎቹ ለዓመታት እየዘሩ እየለዩ ሁለቱንም አጣምሮ የያዘውን መረጡ። «ቁንጮ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው ተለቀቀ፤ ከተሻሻሉት የጤፍ ዝርያዎች መካከልም በስፋት በመዘራት ግንባር ቀደም ሆነ።