ሱሪው ከመቆረጡ በፊት

የሠርጌ ፎቶግራፍ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባለቤቴ ቬሎዋን ታሳያለች፤ የእኔ ዓይን ግን ሱሪዬ ላይ ያርፋል። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ስለቀረ ካልሲዬ ፍንትው ብሎ ይታያል። ጥፋቱ የልብስ ሰፊው ብቻ አልነበረም። የተለካሁት በነጠላ ጫማ ቆሜ፣ ያውም አጎንብሼ እግሬን እያየሁ ነው። ሰው ሲያጎነብስ ሱሪው ከፊት በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰፊውም የረዘመ መስሎት ያሳጥረዋል። በዚያ ላይ የተረፈውን ጨርቅ ቆርጦ ጥሎት ስለነበር ስህተቱ ሲታወቅ የሚለቀቅ ነገር አልተገኘም።

ባለፈው ጥር ታናሽ ወንድሜ እንጅባራ ላይ ሊያገባ ሲሰናዳ የሟች አባታችንን ግራጫ ሙሉ ልብስ ይዞ ብቅ አለ። ኮቱ ልክክ አለለት። ሱሪው ግን አጠረ፤ እሱ ከአባታችን ይረዝማል። «ሌላ እንግዛ» አልሁት። «የአባዬን ለብሼ ነው የማገባው» አለኝ። ያጠረን ሱሪ አስረዝሙ ማለት ሱሪ ባንገት አውልቁ ከማለት አልተለየብኝም። እናታችን ነገሩን ሰምታ፣ «እስኪ ገልብጡት፤ አባታችሁ ጨርቅ አያስቆርጡም ነበር» አለችን።

እውነቷን ነበር። ገበያው አጠገብ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሱሪውን ገልብጠው ሲያዩት አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ቅምቅማቱን ፈትተው ጨርቁን ወደ ታች ለቀቁት፤ ለአዲሱ ቅምቅማት ደግሞ ከውስጥ በኩል ስስ ጨርቅ ቀጠሉለት። ከውጭ ምንም አይታይም።

ከመስፋታቸው በፊት ግን ወንድሜን አቆሙት። «በሠርግህ ቀን የምታደርገውን ጫማ አድርግ። ቀበቶህን እንደ ወትሮህ እሰር። ወደ ፊት እይ እንጂ እኔን አትይ» አሉት። ሁለቱንም እግር ለየብቻ ለኩ፤ የብዙ ሰው እግር ትክክል እኩል አይደለምና። በመርፌ ቁልፍ ካያያዙት በኋላም ትንሽ እንዲራመድና ወንበር ላይ እንዲቀመጥ አደረጉት።

ልኩ ታዲያ የት ድረስ ነው? ለሙሉ ልብስ ሱሪው ከፊት ጫማው ላይ አርፎ አንዲት ለስላሳ እጥፋት ቢያሳይ፣ ከኋላ ደግሞ የጫማውን ተረከዝ ሳይሸፍን ቢቆም ብዙውን ሰው ያምርበታል። እግሩ ጠበብ ያለ ሱሪ ጫማው ላይ ስለሚጨማደድ አጠር ይበል። ሰፊ ሱሪ ረዘም ቢል ይችለዋል። ጂንስና ጥጥ ከመቆረጣቸው በፊት ይታጠቡ፤ ውኃ ሲነካቸው ሊያጥሩ ይችላሉ።

የጫፉ አሠራርም እንደ ሱሪው ነው። ለሙሉ ልብስ ከውጭ ክሩ እንዳይታይ በእጅ መርፌ ቢቀመቀም ይመረጣል፤ ለጂንስ የመኪና ስፌት ይበቃዋል። ጫፉ ወደ ውጭ ታጥፎ የሚሰፋው፣ ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆነው፣ ሱሪው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ክብደት ይሰጠዋል፤ አጭር ሰውን ግን ይበልጥ ያሳጥራል። ይህ እጥፋት አንድ ጊዜ በሕግ ተከልክሎ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ እንግሊዝ ጨርቅ ለመቆጠብ ብላ ለወንዶች ሱሪ እንዳይሠራ አገደችው። ብዙዎች ግን ረዘም ያለ ሱሪ እየገዙ ቤታቸው ያጥፉት ነበር።

የሱሪ ልክ ከሥራ ጋር እንደሚሄድ ለማወቅ ግን እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ ተፈሪ ሱሪ የለበሱትን አየሁ። ከጉልበት በላይ ሰፊ ነው፤ ኮርቻ ላይ እንደ ልብ ያስቀምጣል። ከጉልበት በታች ጥብቅ ነው፤ እርካብ ላይ አይጠላለፍም። የአገራችን ገበሬ ቁምጣም እንዲሁ ለጭቃና ለማሳ የተበጀ ነው።

የሠርጉ ዕለት ፎቶ ለመነሣት ወደ ዘንገና ሐይቅ ሄድን። ወደ ሐይቁ የሚያስወርደው መንገድ ሣሩ ጠል እንደያዘ ነበር። ወንድሜ የአባታችንን ሱሪ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አጥፎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወረደ። ሚዜዎቹ ሳቁበት። ዳር ሲደርስ እግሩን ጠርጎ ጫማውን አደረገና ሱሪውን ዘረጋው፤ ልክ ጫማው ላይ አረፈ።

ጠጋ ብሎ ላየ ሰው የድሮው ቅምቅማት የነበረበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ይታያል። ልብስ ሰፊው በእርጥብ ጨርቅና በካውያ ደጋግመው ተኩሰውት ነበር፤ ፈጽሞ አልጠፋም። ወንድሜን «ያስጠላሃል?» ብለው፣ «አባዬ እዚህ ድረስ ነበር» አለኝ።

እኔም አሁን ለራሴም ሆነ ለልጄ ሱሪ ሳሳጥር መቀሱ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር እናገራለሁ፦ «ትርፉን ወደ ውስጥ እጠፉልኝ እንጂ አትቁረጡት።»